እግር የምትጠብሰው ቢጫ መኪና

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንዲት ቢጫ መኪናና ስለ አንድ ቀኝ እግር ነው። ግራው እግር በነገሩ ውስጥ እምብዛም የለበትም፤ ለምን እንደሌለበት ስንደርስ ታዩታላችሁ።

ባለታሪኩ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የሚኖር ወዳጄ ነው። ስሙ ይቅርብን፤ ሰፈርተኛውም «ባለ ቢጫዋ» ነው የሚለው። አሜሪካ እንደገባ ያኔ ብዙ አበሻ የሚገባበትን ሥራ ገባ፤ ዋሽንግተን መሀል ከተማ፣ ምድር ቤት ፓርኪንግ ውስጥ የሰው መኪና ማቆም። ስንት ዓመት በሰው ወንበር ተቀምጦ፣ የሰው መሪ ይዞ፣ ሃምሳ ሜትር ነድቶ ሲወርድ ኖረ። ጡረታ ሲወጣ ልጆቹ ሰብሰብ ብለው «አባዬ፣ አሁን ለራስህ ምን እንግዛልህ?» ቢሉት ምን ቢላቸው ጥሩ ነው?

«ጣሪያ የሌላት መኪና!»

ዕድሜውን በኮንክሪት ጣሪያ ስር የጨረሰ ሰው ይህን ቢመኝ ማን ይፈርድበታል?

ፈልገው ፈልገው ያገኙለት የ1973 ሥሪት ኤምጂቢ ናት። ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥርላችሁ። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ዝቅ ያለች፣ ጣሪያዋ ተጣጥፎ ከወንበሩ ኋላ የሚገባ እንግሊዛዊት ናት። የኤምጂ መኪኖች የሚሠሩት ኦክስፎርድ አጠገብ፣ አቢንግደን በምትባል ከተማ ነበር። ኤምጂቢ በ1962 ወጣች፤ ፋብሪካው በ1980 እስኪዘጋ ድረስ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ተሠራች፤ አብዛኞቹም ባሕር ተሻግረው አሜሪካ ገቡ። ሞተሯ አራት ሲሊንደር፣ 1798 ሲሲ ነው፤ ብሎኩም ቴስታውም ብረት። ከባድ ግን ታጋሽ ሞተር።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እንግሊዝ አገር ኤምጂቢ የገዛ ሰው ማሞቂያ ከፈለገ ገንዘብ ጨምሮ ነበር የሚያስገጥመው። ካፊያና ጭጋግ አገር ለተወለደች መኪና ሙቀት ተከፍሎበት የሚመጣ ምቾት ነበር። ባለ ቢጫዋ ደግሞ የሚነዳት ዋሽንግተን ዙሪያ ነው። ሐምሌ እኛ አገር ጋቢ የሚደረብበት ወር ነው፤ ዋሽንግተን ግን በሐምሌ የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት በአማካይ 32 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል፤ በዚያ ላይ እርጥበቱ ሸሚዝን ከገላ ያጣብቃል።

ታዲያ አንድ እሑድ ባልና ሚስት ቤተ ክርስቲያን ለመሳም ተነሱ። እሷ ነጠላዋን አጣፋች፤ እሱ ጣሪያውን ገለጠ። በመንገድ ያለው ሰው ሁሉ ዞር እያለ ያያቸዋል፤ ባልየው ደረቱን ነፍቷል። ጥቂት እንደሄዱ ግን ሚስቲቱ እግሯን ከወለሉ አነሳች። ቆየት ብላ ጫማዋን አወለቀችና እግሯን ወንበሩ ላይ አጥፋ ተቀመጠች።

«ምነው?» አላት።

«ወለሉ ይፋጃል።»

«ሐምሌ እኮ ነው፤ ምን ይደረግ?»

«ሐምሌማ ከላይ ነው። ይሄ ከታች ነው የሚመጣው። ለመሆኑ ቅዳሴ አድርሰኝ አልኩህ ወይስ ሳውና አድርሰኝ አልኩህ?»

ባልየው መልስ አልነበረውም። የእሱ ቀኝ እግርማ ነዳጅ መስጫው ላይ እንዳለ ሊበስል ደርሷል። ቤተ ክርስቲያኑ በር ሲደርሱ ጫማውን ለማውለቅ ማንም አልቀደመውም፤ ያየው ሰው መንፈሳዊነቱን ሳያደንቅ አልቀረም።

እንግዲህ ለምን ቀኝ እግር? በዚህች ሞተር ካርቡሬተሩም የጭስ ማውጫ ማኒፎልዱም በአንድ ወገን፣ በግራ በኩል ናቸው። እንግሊዝ አገር መሪው በቀኝ ስለሆነ ነጂው ከጭሱ ይርቃል፤ የሚጠበሰው ከጎኑ የተቀመጠው ምስኪን ነው። አሜሪካ የመጣችው ግን መሪዋ በግራ ነው። ቧንቧው ከሞተሩ ወርዶ፣ በነጂው እግር ማሳረፊያ አጠገብ አልፎ፣ ከወለሉ ስር ወደ ኋላ ይሄዳል። ነዳጅ መስጫው ያለው ደግሞ በቀኝ እግር በኩል፣ ካምቢዮው ከሚያልፍበት ጉብታ ጥግ ነው። አያችሁልኝ? ቀኙን እግር ከጭስ ቧንቧው የሚለየው አንድ ስስ ላሜራ ነው። ግራው እግር ፍሪሲዮኑ ላይ፣ ወዲያ ጥግ ይዞ ደህና ተቀምጧል።

ነገሩ ቡና ላይ ተነሳ። ቡና ላይ የተነሳ ነገር ደግሞ ባለሙያ አያጣም። አንዱ «ኤሲ አስገጥም» አለ። «ጣሪያ ለሌላት መኪና ኤሲ? ሰማዩን ላቀዝቅዘው?» አለው ባለ ቢጫዋ። ሌላው «ሽጣት» አለ፤ እሱን የሰማው የለም። ሦስተኛው ግን እንደሚያውቅ ሰው ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ላዩ አሉሚኒየም፣ ታቹ የሚጣበቅ ጥቁር ጎማ የሆነ ምንጣፍ አለ። ወለሉን በሙሉ ልበጠው፤ ሙቀቱን መስተዋት ሆኖ ይመልሰዋል» አለ።

ይህ አማረ። ባለ ቢጫዋ ቀላል የማይባል ገንዘብ አውጥቶ ምንጣፉን ገዛ፣ ወንበሮቹን ፈታ፣ የድሮውን ምንጣፍ አነሳ፣ ወለሉንና ጉብታውን አንድ ሳይቀር አብረቅራቂ አደረገው። ከዚያ ምንጣፉን መልሶ አለበሰው። ሲነዳት ድምጿ ዝግ ብሏል፤ ደስ አለው። ጥቂት ሲቆይ ግን ሙቀቱ ያው፤ ቀኝ እግሩም ያው።

በዚህ መሀል ነው ሽማግሌው የመጡት።

እኚህ ሰው አዲስ አበባ ውስጥ ሴይቼንቶ በምትባለው ትንሽ መኪና ዘመን ጋራዥ ገብተው እጃቸውን የፈቱ፣ በኋላም እዚህ አገር ሲጠግኑ የኖሩ መካኒክ ናቸው። አሁን እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ጆሯቸው ግን አልደከመም። እንጀራ ሊጋበዙ መጥተው መኪናዋን ደጅ ላይ አዩዋት፤ ከዚያ በኋላ እንጀራው ቀዘቀዘ። እኔም እዚያው ነበርኩ።

ያመጡት ቁልፍ የለም፤ ካቻቢቴም የለም። ዙሪያዋን ዞሩና ጥያቄ ጀመሩ።

«ልጄ፣ ሙቀቱ የሚብሰው ስትቆም ነው ስትሄድ?»

«ስሄድ ይብሳል ጋሼ።»

«ጣሪያው ተከፍቶ ነው ተዘግቶ?»

«ተከፍቶ! እኔንም የገረመኝ እሱ ነው። ሲከፈት መቀዝቀዝ አልነበረበትም?»

«አልነበረበትም» አሉ ሽማግሌው። «ስትሄድ ነፋሱ በራዲያተሩ በኩል ሞተሩ ጋ ይገባል፤ እዚያ ይሞቃል። መውጫው ግን ከታች ነው፤ ጠባብ ነው፤ ይጨናነቃል። ጣሪያውን ስትገልጥ ደግሞ በመስተዋቱ አናት የሚያልፈው ነፋስ አንተ የተቀመጥክበትን አየር ይመጠዋል። እዚያ ጭንቅ፣ እዚህ ባዶ። በመሀል ባለው ላሜራ ላይ ያለችውን ቀዳዳ ሁሉ እየፈለገ ያ ትኩስ አየር ወዳንተ ይመጣል፤ ለስላሳ በቀሰም ስትስብ እንደሚመጣው።»

ባለ ቢጫዋ ዝም አለ። ሽማግሌው ቀጠሉ።

«ጭስ ይሸትሃል?»

«አንዳንዴ መብራት ላይ ስቆም።»

«ባለቤትህን ራሷን አሟት ያውቃል?»

«እሱማ ከዚህች መኪና በወረደች ቁጥር ነው። ሙቀቱ ነው ትላለች።»

እዚህ ላይ የሽማግሌው ፊት ተለወጠ። «ቁልፉን አምጣ» አሉት፤ ተቀብለው ኪሳቸው ከተቱት። «ይህች መኪና ጭሷ እስኪዘጋ ከዚህ አትንቀሳቀስም።»

ወዳጆቼ፣ ሽማግሌውን የወደድኳቸው እዚህ ጋ ነው። ሁላችንም ስለ ሙቀት ስናወራ እሳቸው ስለ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነበር የሚያስቡት። ይህ ጋዝ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። የሚሸተን ሌላው ጭስ ነው፤ እሱ ካቢን ከገባ ግን ያኛውም አብሮት ገብቷል። ክፍት መኪና ስለሆነች ነፋሱ ይወስደዋል ብሎ መዘናጋት ደግሞ አደገኛ ነው፤ ያ ነፋስ ራሱ ጭሱን ከኋላ መልሶ ወደ ወንበሩ የሚያዞርበት ጊዜ አለ። ጣሪያው ተዘግቶ ከሆነማ ባሰ። ስለዚህ በአሮጌ መኪና ውስጥ ሙቀትና ጭስ አብረው ከመጡ ሙቀቱ ይቆይ፤ ጭሱ ይቅደም።

በማግስቱ ጠዋት ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ አስነሷት። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው አዳመጡ። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ከማኒፎልዱ ስር፣ ቧንቧው ከሚጋጠምበት። ሞተሩ ሲሞቅ ብረቱ ይለጠጥና ድምጹ ይጠፋል፤ ለዚህ ነው ጠዋት የመጡት። ባትሪ አብርተው ሲያዩ መጋጠሚያው ዙሪያ ጥላሸት ቀብቶታል። ጓርኒሲዮኑ ተበልቷል። ቧንቧውን ከማኒፎልዱ የሚያጣብቁት የነሐስ ዳዶዎች ናቸው፤ ነሐስ የሆኑት በዚያ ሁሉ ሙቀት ከብረቱ ጋር ተጣብቀው እንዳይቀሩ ነው። ሁለቱ ላልተዋል፤ በአንዱ ቦታ ደግሞ አንድ ብልህ ሰው ተራ የብረት ዳዶ ገጥሞበት ዝጎ አንድ ሆኗል። እሱን ለመፍታት የፈጀውን ጊዜና የተባለውን ቃል አልጽፍም።

ጓርኒሲዮኑ ተቀየረ፤ ዳዶዎቹ ሁሉ ነሐስ ሆኑ፤ ጠቅ ጠቁ ጠፋ። ባለ ቢጫዋ «እንግዲህ ጨረስን» ብሎ እጁን ሊታጠብ ሲነሳ፣ «ቁጭ በል» አሉት። «ቧንቧው ለምን ይህን ያህል እንደሚግል አልጠየቅነውም።»

የታይሚንግ መብራት አስመጡ፣ ከካንዴላው ሽቦ አገናኙ። እሳቱ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ይህ ምን ማለት መሰላችሁ? ካንዴላው ሲዘገይ ነዳጁ ገና እየነደደ ሳለ የጭሱ ቫልቭ ይከፈታል፤ ፒስተኑን መግፋት የነበረበት እሳት ቧንቧውን ያግላል። ነዳጁ ከአየሩ አንጻር ሲያንስም ጭሱ ይግላል። ዲስትሪቢዩተሩን ትንሽ አዞሩት፣ ሁለቱን ካርቡሬተሮች አመጣጠኑ፣ ሞተሩ ትንፋሹ ተስተካከለ።

እዚህ ላይ አንድ የፊዚክስ ነገር ጣል ላድርግ፤ የማይወድ ይዝለለው። የጋለ ብረት የሚረጨው ጨረር ከሙቀቱ ጋር እኩል አይደለም የሚጨምረው። ፍጹም የሙቀት መጠኑ እጥፍ ሲሆን ጨረሩ አሥራ ስድስት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ቧንቧው ላይ የምትቀንሷት ጥቂት ሙቀት እግር ጋ ስትደርስ ጥቂት አይደለችም። ምንጩን ሳይነኩ ወለል መለበጥ ገንዘብ መበተን ነው የምለው ለዚህ ነው። ቡና ላይ ያ ሁሉ ባለሙያ ሲናገር ስለ ታይሚንግ ቃል የተነፈሰ አልነበረም፤ እሱ በሱቅ መደርደሪያ ላይ አይሸጥማ።

ጭሱ እንዲህ ካበቃለት በኋላ ወደ ውሃው ሄዱ።

የኤምጂቢ ማሞቂያ ማለት ሞተሩ ክፍል ጀርባ ላይ፣ ሳጥን ውስጥ የተቀመጠች ትንሽ ራዲያተር ናት። ሞተሩን ያቀዘቀዘ ውሃ ከቴስታው ኋላ ጫፍ፣ በአንዲት ቫልቭ በኩል ወደ እሷ ይሄዳል፤ ተዟዙሮ ይመለሳል። ከመስተዋቱ ፊት ባለው ወንፊት የሚገባው አየር በዚያች ትንሽ ራዲያተር መሀል አልፎ ነው እግር ጋ የሚደርሰው። ሌላ መንገድ የለውም። ቫልቯ ጥርቅም ብላ ካልተዘጋች እንግዲህ፣ ከውጭ ንጹሕ ቀዝቃዛ አየር ላስገባ ብላችሁ የከፈታችሁት ሁሉ 80 እና 90 ዲግሪ ውሃ የሚዞርባትን ራዲያተር ነክቶ ነው የሚመጣው። ማሞቂያውን ዘግቼዋለሁ ብሎ ማሞቂያ ላይ መቀመጥ ነው።

ሽማግሌው ሞተሩ ሲሞቅ የማሞቂያውን ማዞሪያ እስከ መጨረሻው አስዘጉና ሁለቱን የውሃ ጎማዎች በእጃቸው ያዙ። ወዲያው ለቀቁ። «ሁለቱም ይፋጃሉ። ተዘግቶ ቢሆን መግቢያው ይሞቃል፣ መመለሻው ይቀዘቅዛል።»

መጀመሪያ የጠረጠሩት ገመዱን ነው። ከክሩስኮቱ ማዞሪያ እስከ ቫልቯ የሚደርሰው ሽቦ ላልቶ ከሆነ ማዞሪያው «ዝግ» ሲል ቫልቯ ገና አጋማሽ ላይ ናት። ይህ ያለ ምንም ወጪ፣ በአንዲት ብሎን የሚስተካከል ነገር ነው። ብዙ ሰው ግን እዚህ ሳይደርስ ወለል ይለብጣል። የባለ ቢጫዋ ገመድ ላልቷል፤ እሱን ወጠሩት። ቫልቯም ግን ውስጧ ያለው ስስ ጎማ አርጅቷል፤ ውሃ ታሳልፋለች። አዲስ ተገጠመላት።

«አዲሱንም አላምነውም» አሉ ሽማግሌው። ውሃ ወደ ማሞቂያው በሚሄድበት ጎማ መሀል አንዲት የነሐስ ቧንቧ መዝጊያ፣ በእጅ የምትዞር፣ አስገቡበት። «ይህችን ግንቦት ላይ ትዘጋለህ። ጥቅምት ላይ ደግሞ መክፈት አትርሳ፤ ከኮፈኑ ስር መሆኗንም አትርሳ።»

«እንዴት እረሳለሁ ጋሼ» አለ።

ያን ዕለት ማታ ደግሞ ደስ የሚል ሥራ ሠራን። ኮፈኑን ከፍተው ከሞተሩ ጀርባ ኃይለኛ አምፖል አንጠለጠሉ፤ ብርድ ልብስ ደረቡበት፤ የጋራዡን መብራት አጠፉ። «ግባ» አሉት ባለ ቢጫዋን። ስድሳውን ያለፈ ሰው በጀርባው ተንጋሎ ራሱን ከክሩስኮቱ ስር አስገባ። ትንሽ ዝም አለና «ጋሼ፣ ይሄማ ወንፊት ነው!» ብሎ ጮኸ።

ብርሃን የገባበት ሁሉ ትኩስ አየርም ይገባበታል። ባለ ቢጫዋ ከስር እየጠቆመ እኛ በኖራ ምልክት እናደርጋለን። የሽቦዎቹ እስር የሚያልፍበት ጎማ ደርቆ ተሰንጥቋል። የመሪው ዘንግ የሚያልፍበት ማሸጊያ አልቋል። መካኒክ ለሬዲዮ ይሁን ለምን እንደበሳት የማትታወቅ አንዲት ቀዳዳም አለች። ከሁሉም የገረመኝ ግን በቀኝ በኩል ያለው ነው። የኤምጂቢ አካል ሲሠራ መሪው ግራም ቀኝም እንዲሆን ተደርጎ ነው የሚሠራው፤ የማያስፈልገው ወገን ፔዳልና መሪ የሚገባበት ቦታ በክዳን ይታሸጋል። የዚህችኛዋ ክዳን ላልቶ ማሸጊያው ረግፏል፤ ሚስቲቱ እግር ላይ ሲነፍስ የኖረው እንግሊዛዊ ነጂ ሊቀመጥበት በታሰበው በር ነበር።

ትልቁ ጥፋት ግን የካምቢዮው ዱላ ስር ተገኘ። ዱላው ከጉብታው የሚወጣበት የጎማ ቀሚስ ተቀድዶ ተበጣጥሷል። ላዩ ላይ ያማረ ቆዳ ስለተደረበበት ማንም አላየውም። ከስሩ ካምቢዮው አለ፤ የሞተሩ ትኩስ አየር ሁሉ ወደ ኋላ የሚሸሸው በዚያ ጉብታ ውስጥ ነው፤ ጎኑን ይዞ ደግሞ የጭሱ ቧንቧ ያልፋል። የቀኝ እግር ጠላት በቆዳ ተሸፍኖ ከእጁ ስር ተቀምጦ ኖሯል። ቀደም ባሉት ሞዴሎች ደግሞ የካምቢዮ ዘይት መለኪያ የሚወጣባት፣ በጎማ ክዳን የምትዘጋ ቀዳዳ ጉብታው ላይ አለች፤ ክዳኗ የጠፋባት መኪና ስንት ናት መሰላችሁ።

የጎማ ዕቃዎቹ ተገዙ፤ ከመልበጫው ምንጣፍ ጋር ሲተያይ ዋጋቸው ተራ ነገር ነው። ክዳኑ ሙቀት በሚችል ማሸጊያ ታሸገ።

ሌላ ዓይነት መኪና ያላችሁም ብትሆኑ አትራቁ። ትራያምፍ ስፒትፋየር ላይ ያ ጉብታ ራሱ ላሜራ ሳይሆን ከተጠቀጠቀ ካርቶን መሰል ነገር የተሠራ፣ በብሎን የሚታሰር ክዳን ነው፤ እርጥበት ሲያገኘው ይጣመማል፤ ዳርዳሩ ሁሉ በር ይሆናል። ኦስቲን ሂሊ 3000 እግር በመጥበስ ዝናዋ የታወቀ ነው። በ1989 የወጣችው የማዝዳ ኤምኤክስ 5 እንኳን፣ ያቺ ሁሉ ነገሯ የተስተካከለላት ጃፓናዊት፣ ስታረጅ ከዱላው ስር ያለችው የውስጠኛዋ ጎማ ትቀደዳለች፤ ሙቀትም ጩኸትም በዚያ ይገባል።

በመጨረሻ ወደዚያ ወደሚያብረቀርቀው ልባጥ ደረስን። ባለ ቢጫዋ እፍረት ይዞታል፤ ሽማግሌው ግን አልቀለዱበትም።

«ዕቃው ጥሩ ነው» አሉ። «የሚያብረቀርቅ አሉሚኒየም ከሚመጣበት የሙቀት ጨረር ከመቶ ዘጠናውን ይመልሳል፤ ግን ፊቱ አየር ሲያገኝ ነው። አንተ ላሜራው ላይ ለጥፈህ ምንጣፍ ጫንክበት። ምኑን ይመልስ? ብረቱ ሲግል የነካውን ሁሉ ያሞቃል፤ አሉሚኒየም ደግሞ ሙቀት በደንብ ያሳልፋል። መከላከያ ከፈለግክ ከስር ነው፤ በቧንቧውና በወለሉ መሀል።»

መኪናዋን በደህና ማቆሚያ ላይ ከፍ አድርገው ስስ የአሉሚኒየም ሉህ ቆረጡ፤ ከወለሉ አንድ ሴንቲሜትር ያህል ራቅ እንዲል በየብሎኑ ማራቂያ አስገቡ። ነፋስ በላይም በታችም ያልፍበታል። ሲበሱ የነዳጁንና የፍሬኑን መስመር አስቀድመው በጣታቸው ተከተሉ፤ ያለ ፍሬን የሚቀዘቅዝ እግር ምን ያደርጋል? ባለ ቢጫዋ «ቧንቧውን ራሱን በጨርቅ የሚጠቀልሉት አሉ» ቢላቸው አልወደዱም፤ ጥቅልሉ እርጥበት ይዞ ብረቱን ያስበላዋል፣ የብረት ማኒፎልዱንም ሊሰነጥቀው ይችላል አሉ። በሴራሚክ መቀባት ይሻላል፤ እሱ ግን ገንዘብ ነው። አንድ ነገር ደግሞ አስጠነቀቁን፤ በዚያ ዘመን መኪኖች የሙቀት መከላከያና ጓርኒሲዮን ውስጥ አስቤስቶስ መኖሩ የተለመደ ነበርና ያረጀ ግራጫ ሰሌዳ ስታገኙ አትፈርፍሩ፣ በአየር አትንፉ።

ከምንጣፉ ስር የነበረው የድሮ ወፍራም ጨርቅ ግን ተጣለ። ሲጨምቁት ውሃ ወጣው። ጣሪያዋ የሚገለጥ መኪና ዝናብ መጠጣቷ አይቀርም፤ ጨርቁ ያንን ይዞ ወለሉን ከላይ ወደ ታች ያዝገዋል። በእሱ ፈንታ ውሃ የማይጠጣ ስፖንጅ ተነጠፈ።

ቁልፉ ከሽማግሌው ኪስ የወጣው ከዚህ በኋላ ነው።

የሚቀጥለው እሑድ ሐምሌው እንዳለ ነው፤ ፀሐዩም አልራራም። ሚስቲቱ ጫማዋን አድርጋ ሄደች፤ ጫማዋን አድርጋ ደረሰች። ራሷንም አላመማት። ወለሉ ቀዝቃዛ አልሆነም፤ ይህን ልዋሻችሁ አልችልም። አሮጌ የብረት ሞተር ከጉልበታችሁ ሁለት ክንድ ርቆ እየነደደ ቀዝቃዛ ወለል የሚባል ነገር የለም። ግን ሙቀቱ የሐምሌ ሙቀት ሆነ፤ ከላይ የሚመጣ፣ ሰው ሁሉ የሚጋራው።

እንዲህ እያለ ክረምቱ... ይቅርታ፣ የእነሱ በጋ አለፈና ጥቅምት ገባ። ቨርጂኒያ በጥቅምት ቅጠሉ ቀይና ወርቅማ ይሆናል፤ ያን ለማየት ሰው ሁሉ ወደ ሸናንዶዋ ተራሮች፣ ስካይላይን ድራይቭ ወደሚባለው መንገድ ይወጣል። ባልና ሚስትም ወጡ፤ ጣሪያው ተገልጦ። ተራራው ወገብ ላይ ሲደርሱ ነፋሱ ቆረጣቸው። እሷ ነጠላዋን አንገቷ ላይ ጠመጠመች፤ ቆይታም ጋቢ አወጣች፤ ከዚያ ማዞሪያውን ወደ ሙቅ አዞረችው። ቀዝቃዛ አየር ነፋባት።

«ማሞቂያው አይሠራም እንዴ?»

ባልየው መልስ ሳይሰጥ መኪናዋን መንገድ ዳር ባለው ማያ ቦታ ላይ አቆመ፤ ወረደ፤ ኮፈኑን ከፍቶ ጎንበስ አለ። ከኋላ ይመጣ የነበረ መኪና ቆመና አንድ ፈረንጅ አንገቱን አውጥቶ «ተበላሸች? እርዳታ ትፈልጋላችሁ?» ብሎ ጠየቀ።

«አልተበላሸችም» አለችው ሚስቲቱ ጋቢዋን እየተከናነበች። «ሙቀት እየለመነልኝ ነው።»